መስፈርና ማረስ፤ ስለ ፕሮፌሰር ጎርደን ቻይልድ መጽሐፍ የቀረበ ትችት

ስለ ሰው ልጅ ጥንታዊ ኑሮ በታሪክ ትምህርት መግቢያ ላይ የሚነገረው ቃል ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ስለሚሄድ፤ መጀመሪያ ማን እንደ ተናገረው የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ሰው በመጀመሪያ አውሬ እያደነ፣ ፍሬና ሥር እየለቀመ ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወር ነበር፤ ቀጥሎ እንስሳ አላመደና መንጋውን እየነዳ ሣር ፍለጋ ዞረ፤ በመጨረሻም ዘር መዝራትን ዐወቀና ቤት ሠርቶ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ መንደር፣ ከመንደርም ከተማ፣ ከከተማም መንግሥት ወጣ ይባላል። ነገሩ እንደ መሰላል የተሠራ ስለ ሆነ በቃል ለመያዝ ይመቻል፤ ለፈተናም እንዲሁ። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ መሰላሉ ከመሬት ተቆፍሮ ከወጣው ማስረጃ ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ለመመርመር ተነሥተናል። ለምርመራችን መነሻ የምናደርገው በዚህ ርእስ እጅግ ከተነበቡት መጻሕፍት አንዱን፤ ፕሮፌሰር ጎርደን ቻይልድ በ1936 ያሳተሙትን፤ «ሰው ራሱን ይሠራል» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን መጽሐፍ ነው። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ፕሮፌሰር ቻይልድ የተወለዱት በ1892 በአውስትራልያ በሲድኒ ከተማ ነው። ከ1927 እስከ 1946 በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የአርኬዎሎጂ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ከዚያም በሎንዶን የአርኬዎሎጂ ተቋም ዲሬክተር ሆነው ሠርተዋል፤ በ1957 ሞቱ። መጽሐፋቸው የወጣበት 1936 ለእኛ አገር ምን ዐይነት ዓመት እንደ ነበር መናገር አያስፈልግም። በአውሮፓም ቢሆን የጀርመን ናዚዎች የጥንቱን ታሪክ የዘር ትምክሕት መሣሪያ ያደረጉበት ጊዜ ነበር። ቻይልድ ይህን በግልጽ ይቃወሙ ስለ ነበር፤ ታሪክን በዘር ሳይሆን በእጅ ሥራና በዕለት ምግብ ለመለካት ፈለጉ። ስለ ነገሥታት የዘር ሐረግና ስለ ጦር ሜዳ ድል ሳይሆን፤ ስለ ሸክላ ድስት፣ ስለ ማጭድ፣ ስለ እንዝርትና ስለ ጎተራ ጻፉ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ትችታችንን የምናቀርበውም ይህን ሳንዘነጋ ነው።

የመጽሐፉ ዋና አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሰው ምግቡን ከዱር እየለቀመ ከሚኖርበት ሁኔታ ምግቡን ራሱ ወደሚያመርትበት ሁኔታ ያለፈበት ለውጥ፤ በእንግሊዝ አገር ከተነሣው የኢንዱስትሪ አብዮት ጋር የሚወዳደር ነውና «የአዲሱ የድንጋይ ዘመን አብዮት» ሊባል ይገባዋል። የአብዮቱም ምልክት የሕዝብ መብዛት ነው። ምክንያቱ ደግሞ የአየር ለውጥ ነው፤ የበረዶው ዘመን ሲያልቅ ሰሜን አፍሪቃና ምዕራብ እስያ እየደረቁ ስለ ሄዱ፤ ሰውም እንስሳም በቀሩት ምንጮችና ወንዞች ዳር ተጨናንቀው በጉርብትና ለመኖር ተገደዱ፤ ከዚህ ጉርብትና እርሻና ከብት ርቢ ተወለዱ ይላሉ። ይህ የምንጭ ዳር አሳብ ከእሳቸው በፊት አሜሪካዊው ራፋኤል ፓምፔሊ ያቀረቡት ነበር፤ ዝነኛ ያደረጉት ግን ቻይልድ ናቸው።

የድርቁን ነገር በአጭሩ እንለፈው። አሜሪካዊው ሮበርት ብሬይድዉድ ከ1948 ጀምሮ በኢራቅ ኩርድስታን ጃርሞ በተባለው ስፍራ ሲቆፍሩ፤ የአፈርና የዕፀዋት ሊቃውንትን አብረው ይዘው ሄዱ። የቻይልድን ከባድ ድርቅ የሚያስረዳ ምልክት አላገኘንም አሉ፤ የዱር ስንዴና የዱር ገብስም የሚበቅሉት ዝናብ በሚያገኘው ተራራ ግርጌ እንጂ በበረሓ ምንጭ ዳር አለመሆኑን አመለከቱ። ከዚያ ወዲህ የተገኘው እውቀት ለሁለቱም ጥቂት ጥቂት ፈርዶላቸዋል። ከዛሬ 12,900 ዓመት ግድም ጀምሮ ከ1,000 ዓመት በላይ የቆየ ብርድና ድርቅ እንደ ነበረ ተረጋግጧል፤ ነገር ግን እርሻ በሰፊው የተስፋፋው ያ ብርድ ካለፈና አየሩ ሞቆ ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ክርክሩ የሚጠነክረው መስፈርን በተመለከተ ነው። በመጽሐፉ ማረስና መስፈር እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። (ቻይልድ መኳተኳትና መስፈር አንድ አይደሉም ብለው ማስጠንቀቃቸውን አንክድም፤ ምክንያቱም መሬቱ ሲደክም ማሳውን ትቶ የሚሄድ ገበሬ አለ። የመጽሐፉ አካሄድ ግን ማስጠንቀቂያውን ቶሎ ይረሳዋል፤ ተማሪዎቻቸውም ጭራሽ አላነሡትም።) አሁን ከመሬት የወጣውን እንይ።

እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ጋሮድ በ1928 በፍልስጥኤም ሹቅባ በተባለ ዋሻ ቆፍረው፤ ከአካባቢው ወንዝ ስም «ናቱፍ» ብለው የሰየሙትን የሕዝብ ባህል አገኙ። ከባልጩት የተሠራ፣ ሣር በመቁረጥ ብዛት ጠርዙ ያብለጨለጨ ማጭድ ስለ ነበራቸው፤ እነዚህ ሰዎች ገበሬዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው አሰቡ። ነገር ግን ማጭድ መቁረጥን እንጂ መዝራትን አይመሰክርም። ፈረንሳዊው ዣን ፔሮ ከ1955 ጀምሮ በሁላ ሸለቆ ዐይን ማላሓ በተባለው ስፍራ ሲቆፍሩ ያገኙት ነገሩን ግልጽ አደረገው። ክብ የድንጋይ መሠረት ያላቸው፣ ግማሽ አካላቸው ከመሬት በታች የገባ ቤቶች፤ ከባድ የድንጋይ ሙቀጫዎች፤ ከቤቶቹ አጠገብ የተቀበሩ ሙታን ተገኙ። ከሙታኑ አንዱ እጁ በአንድ ቡችላ ላይ እንዳረፈ ነው። ይህ ሁሉ መንደር ነው። እርሻ ግን የለም፤ የለመደ እህል የለም፤ ከውሻ በቀር የለመደ እንስሳም የለም። ናቱፎች ከዛሬ 15,000 ዓመት ጀምሮ እስከ 11,500 ዓመት ድረስ የኖሩ፤ ቤት ሠርተው የተቀመጡ አዳኞችና ለቃሚዎች ነበሩ።

ከነሱም የሚቀድም አለ። በ1989 የገሊላ ባሕር ውኃው ቢሸሽ፤ ኦሃሎ የተባለ የ23,000 ዓመት ሰፈር ብቅ አለ። የቅርንጫፍና የሣር ጎጆዎች፤ ከመቶ በላይ የዕፀዋት ዐይነት፤ ከነዚህም ውስጥ የዱር ገብስና የዱር ስንዴ፤ ገብስ የተፈጨበት ድንጋይም ሳይቀር ተገኘ። እንግዲህ ሰው እህልን ከማረሱ በፊት ከ10,000 ዓመት የበለጠ ጊዜ እህልን ፈጭቷል ማለት ነው።

ናቱፎች በእርግጥ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጠው ነበር ወይ ብሎ የሚጠራጠር አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው፤ የድንጋይ ቤት ሠርቶ ግማሽ ዓመት ባዶውን የሚተው ሰው አይጠፋምና። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ለዚህ ያገኘው ምስክር እጅግ ያስደንቃል። ምስክሩ አይጥ ነው። የቤት አይጥ ሰው ካልተቀመጠ አይረባም፤ ሰው ሲሄድ የሜዳው አይጥ መጥቶ ያሸንፈዋል። መርማሪዎቹ በዐይን ማላሓ በየንብርብሩ የተገኘውን የአይጥ ጥርስ በቅርጹ ለይተው ቢቈጥሩ፤ ሰዎቹ አጥብቀው በሰፈሩበት ዘመን የቤት አይጥ በዝቶ፣ ወደ ኋላ እንደ ገና መዘዋወር በጀመሩበት ዘመን የሜዳው አይጥ ተመልሶ ተገኘ። ለማወዳደሪያም በደቡብ ኬንያ ወደሚገኙት፣ እንደ ወራቱ ሰፈር ወደሚለዋውጡት የማሳይ ከብት አርቢዎች ሄደው፤ እዚያም ሁለት ዐይነት እሾኻማ ጠጉር ያላቸው አይጦች በሰዎቹ መምጣትና መሄድ ልክ ተካፍለው ሲኖሩ አዩ። ከዚህ የምንማረው ሰው መስፈሩን ብቻ አይደለም፤ ከሰፈረ በኋላ ተመልሶ መዘዋወሩንም ነው። መሰላሉ ወደ ላይ ብቻ የሚወጡበት አልነበረም።

በሶርያ በኤፍራጥስ ዳር የነበረው አቡ ሁሬይራም ይህንኑ ያጸናል። ስፍራው በግድብ ውኃ ከመዋጡ በፊት በ1972 እና በ1973 በአንድሩ ሙር መሪነት በችኮላ ተቆፈረ። ከዛሬ 13,000 ዓመት ግድም የነበረው የመጀመሪያው መንደር ሰዎች ኑሯቸው በሚዳቋ አደንና ከ150 በሚበልጥ የዱር ዘርና ፍሬ ላይ ነበር። ስፍራው በኋላ ትልቅ የገበሬ መንደር ሆነ። ገበሬዎቹም ለብዙ መቶ ዓመታት ሥጋቸውን ከሚዳቋ ማግኘታቸውን አልተዉም። በደቡብ ቱርክ የሚገኘው ጎቤክሊ ቴፔም አለ፤ ክላውስ ሽሚት ከ1995 ጀምሮ የቆፈሩት፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9500 ግድም የተጀመረ፤ ቁመታቸው እስከ 5 ሜትር ተኩል የሚደርስ ዐምዶች የቆሙበት ስፍራ ነው። በዚያ የተገኘው ዐጥንት ሁሉ የዱር አራዊት ነው። ሽሚት ሰው የማይኖርበት መቅደስ ብቻ ነው ይሉ ነበር፤ ከሳቸው በኋላ በተደረገው ቁፋሮ ግን የመኖሪያ ቤቶችም ተገኝተዋል። ዐምድ ለማቆም ብዙ ሰው መሰብሰብና ማብላት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ግን ገበሬ መሆን አላስፈለጋቸውም።

«አብዮት» የሚለው ቃልም ይመርመር። የዱር ስንዴና ገብስ ዛላው ሲደርስ ፍሬው እየተፈረካከሰ ይረግፋል፤ እንዲያ ካልሆነ ዘሩ አይባዛም። የማሳው ስንዴ ግን እስኪወቃ ይጠብቃል፤ ሰው ካልዘራው ይጠፋል። አንዱ ወደ ሌላው የተለወጠበትን ጊዜ ከተቃጠሉ የዛላ ቁርጥራጮች ለክተው የመረመሩት ሊቃውንት፤ ለውጡ ከ2,000 እስከ 3,000 ዓመት እንደ ፈጀ ደርሰውበታል። ይህ ከክርስቶስ ልደት እስከ እኛ ዘመን ያለውን ያህል ነው። በአንድ ትውልድ ውስጥ የኖረ ሰው ምንም ለውጥ ሊያይ አይችልም፤ አባቱ እንዳጨደ ያጭዳል። ለመቸኰልም ምክንያት አልነበረውም። ስለ አገራችን አዝርዕት በጻፏቸው ሥራዎች የሚታወቁት ጃክ ሃርላን በ1966 በቱርክ በካራጃዳግ ተራራ ግርጌ የዱር ስንዴ በእጃቸውና በባልጩት ማጭድ ቢሰበስቡ፤ በሰዓት አንድ ኪሎ ግድም የጠራ እህል አገኙ። አንድ ቤተ ሰብ ሦስት ሳምንት ቢሠራ በዓመት ከሚበላው የበለጠ ይሰበስባል ብለው ገመቱ። ይህን የሚያገኝ ሰው የሚያስፈልገው ማረሻ አይደለም፤ እህሉን ከዝናብና ከአይጥ የሚጠብቅበት ጎታ ነው። ጎታ ደግሞ በጀርባ ተሸክመውት አይዞሩም። እኛ እንደሚመስለን፤ ሰውን በአንድ ስፍራ ያስቀመጠው ከእርሻው ይልቅ ያከማቸው ነው።

እስካሁን ካቀረብነው የሚወጣው አንድ ነገር ነው። «ይቀመጣል ወይስ ይዘዋወራል?» የሚለውና «ይለቅማል ወይስ ያመርታል?» የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ናቱፎች ተቀምጠው ይለቅሙ ነበር። የቻይልድ መጽሐፍ ትልቁ ጉድለት፤ የአንዱን መልስ ለሌላውም መልስ አድርጎ መውሰዱ ነው።

እየተዘዋወረ የሚያመርተውስ? ይህ ከብት አርቢው ነው፤ በመሰላሉ ላይ ያለ ቦታውም ከሁሉ ይልቅ የተሳሳተ ነው። በምዕራብ እስያ ከብት አርቢ የገበሬ አባት አይደለም፤ ልጁ ነው። በኢራን በዛግሮስ ተራሮች ጋንጅ ዳሬ በተባለ መንደር ከዛሬ 10,000 ዓመት ግድም የፍየል ርቢ እንደ ነበረ ታውቋል፤ ወንዶቹ በግልገልነት ይታረዱ፣ ሴቶቹ ለርቢ ይቆዩ ነበርና። ፍየሎቹ የኖሩት በሜዳ አይደለም። የጭቃው ጡብ ሳይደርቅ ረግጠውት፤ ኮቴያቸው እስከ ዛሬ በጡቡ ላይ ታትሞ ይገኛል። የለመደ እንስሳ በመንደር ተወለደ፤ መንጋ ይዞ ወደ በረሓ የወጣው አርቢ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

በአፍሪቃ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ፊዮና ማርሻልና ኤሊዛቤት ሂልደብራንድ በ2002 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፤ በዚህ አህጉር ከብት ከእህል ቀደመ። በሊቢያ በረሓ ታካርኮሪ ከተባለ ዋሻ በተገኘ የሸክላ ስባሪ ላይ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው ሺህ ዓመት የታለበ ወተት ቅባት ተጣብቆ ተገኝቷል። የለመደ ማሽላ ምልክት ግን በምሥራቅ ሱዳን በቡታና የተገኘው ከ3500 እስከ 3000 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው፤ ቡልቱግ የሚባለው የደረቅ አገር እህል በሰሜን ማሊ የተገኘው በ2500 ግድም ነው። ያን ጊዜ ሰሃራ ሣርና ኩሬ ነበረው፤ ዝናቡ ግን ዓመት ከዓመት አይታመንም። ዝናብ በማይታመንበት አገር ዘር መሬት ውስጥ ከመቅበር ይልቅ ዝናቡ ወደ ዘነበበት የሚሄድ ሀብት መያዝ ብልኅነት ነው። እነዚህ ሰዎች ከገበሬነት አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው የቆሙ ሰዎች አልነበሩም። ከ1,000 ዓመት የበለጠ ጊዜ ወተት እያለቡ፣ ሸክላ እየሠሩ፣ ያለ ማሳ ኖሩ።

ቻይልድ የሚሰጡን ምልክቶች (እህል፣ ማጭድ፣ ወፍጮ፣ ጎተራ) ሁሉም ከምዕራብ እስያ የተወሰዱ መሆናቸውን ከራሳችን አገር ተክል ማየት ይቻላል። ሩስያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችንን ዞረው ካዩ በኋላ ከዓለም የአዝርዕት መገኛዎች አንዷ አድርገው ቈጥረዋታል። ጤፍን፣ ኑግንና ቡናን ሁሉም ይጠቅሳል፤ እንሰትን ግን አስቡ። እንሰት በዘር ሳይሆን ከግንዱ ሥር በሚወጣ ችግኝ ይተከላል፤ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ በቀርከሃ ተፍቆ በጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፤ ቆጮና ቡላ ይሆናል። ቤተ ሰቡን ከማሳው ጋር አጥብቆ ያስራል። ሆኖም የተቃጠለ ፍሬ በምድጃ ውስጥ አይተውም፤ ማጭድም ወፍጮም አይጠይቅም። በቻይልድ ዝርዝር የሚመራ ቆፋሪ በጥንት የእንሰት ሰፈር ላይ ቆሞ «እዚህ እርሻ አልነበረም» ብሎ ሊሄድ ይችላል።

ለፍርድ እንዲያመች አንድ ነገር እንጨምር። የመሰላሉ ሠሪ ቻይልድ አይደሉም። አዳም ስሚዝ በግላስጎ በ1760ዎቹ ባስተማሩት ትምህርት አደን፣ ከብት ርቢ፣ እርሻና ንግድ ብለው አራት ደረጃ አውጥተው ነበር። አሜሪካዊው ሉዊስ ሄንሪ ሞርጋንም በ1877 «አውሬነት፣ አረመኔነት፣ ሥልጣኔ» ብለው ከፋፈሉት። ቻይልድ በበኩላቸው እህልና ከብትን በአንድነት ማየትን ይመርጡ ነበር። ነገር ግን በ1942 ባወጡት ሌላው ዝነኛ መጽሐፋቸው የሞርጋንን ስሞች እንዳሉ ተቀብለው የድንጋይ ዘመን ምዕራፎቻቸውን ሰየሙባቸው። ለዘር ትምክሕት በር የዘጉት ሰው ለደረጃ ትምክሕት መስኮት ከፈቱ ብንል አልበዛም።

የትርፉን ነገር በተመለከተ ደግሞ፤ ቻይልድ የእርሻን፣ የሸክላንና የፈትልን ሥራ የፈለሰፉት ሴቶች ናቸው ማለታቸው ያስመሰግናቸዋል። ሕዝብ በዛ ማለታቸውም ትክክል ነው፤ የመቃብር ዐፅሞች እንደሚያሳዩት በእርሻ መንደሮች ልጅ በልጅ ላይ ቶሎ ቶሎ ይወለድ ነበር። የሚጎድለው ወጪው ነው። ቴያ ሞልሰን በአቡ ሁሬይራ የገበሬ መንደር የተገኙትን ዐፅሞች መርምረው በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ፤ የብዙ ሴቶች የእግር አውራ ጣት መገጣጠሚያ ተበልቶ፣ ጉልበታቸው ተጎድቶ፣ የወገባቸው አጥንት ተበላሽቶ ማግኘታቸውን ገለጹ። የእግር ጣት አጥፎ ተንበርክኮ፤ በሁለት እጅ መጁን ወደ ፊት ገፍቶ ወደ ኋላ መሳብ፤ ይህንን በየቀኑ ለሰዓታት ማድረግ እንዲህ ያለ ምልክት ይተዋል። ከድንጋዩ የሚወጣው ብናኝም ጥርሳቸውን በልቶታል። እዚህ ላይ ለአገራችን ተማሪ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሞተር ወፍጮ ባልደረሰበት ገጠር የተወለደ ሁሉ፤ ዶሮ ሳይጮኽ የሚጀምረውን የወፍጮ ድምፅ ከእናቱ ወይም ከአያቱ ያውቀዋል። ተንበርክካ ትፍጭ ወይም ጎንበስ ብላ፤ ወገቡ ያው ወገብ ነው። ፕሮፌሰሩ የፈጠራውን ክብር ለሴቶች ሰጥተው፤ የፈጠራውን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ ሳይጠይቁ ማለፋቸው ያሳዝናል።

ይህን ስንል ግን አሁን የተለመደውን ተቃራኒ ዘፈን ለመዝፈን አይደለም። ማርሻል ሳሊንስ በ1966 በቺካጎ በተደረገ ጉባኤ ላይ አዳኞችንና ለቃሚዎችን የመጀመሪያዎቹ ባለጠጎች አድርገው ካቀረቡ ወዲህ፤ እርሻ የሰው ልጅ ውድቀት ነው የሚሉ ጸሐፊዎች በዝተዋል። ዋናው ማስረጃቸው ሪቻርድ ሊ በካላሃሪ የሰበሰቡት ቍጥር ነበር፤ ሰዎቹ ምግብ ለማግኘት በሳምንት ከ12 እስከ 19 ሰዓት ብቻ ይሠራሉ የሚል። ዳሩ ግን ይህ ቍጥር ለውዙን መስበርን፣ ምግቡን ማዘጋጀትንና መሣሪያ መሥራትን አልጨመረም። ሊ ራሳቸው በኋላ ሁሉንም ደምረው ቢያሰሉ ሥራው በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሆነ። ያ ቍጥር እንጨት ለቀማን፣ ቅቀላንና ፍጭትን እንደ ሥራ ያልቈጠረ ነበር፤ በዚህ በኩል ከቻይልድ መጽሐፍ ብዙ አይርቅም። ገነትን ከኋላችን ማስቀመጥም ያው መሰላል ነው፤ የተገለበጠው አቅጣጫው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንመለስ። በአማርኛ «ዘላን» የሚለው ቃል የድንጋይ ዘመኑን አዳኝ፣ የአፋርን፣ የሶማሌንና የቦረናን ከብት አርቢ፣ ሥርዐት የለውም ተብሎ የሚሰደበውንም የከተማ ልጅ በአንድ ከረጢት ይከታል። ከውጭ ቋንቋ የተረጎምነው የታሪክ መጽሐፍ «ሰው በመጀመሪያ ዘላን ነበር» ሲል፤ አንባቢው ወዲያው የሚያየው በአዋሽ ወይም በኦጋዴን ግመል የሚነዳውን ጎረቤቱን ነው፤ ጎረቤቱም ከታሪክ በፊት የቀረ ሰው ሆኖ ይታየዋል። ነገር ግን ግመል ነጂው የ20,000 ዓመት ሰው አይደለም፤ የጋንጅ ዳሬና የሰሃራ ጥበብ ወራሽ ነው። ስለዚህ ለመጽሔታችን ጸሐፊዎች የምናቀርበው አሳብ አለ። የጥንቱን «ተዘዋዋሪ አዳኝ»፤ እንደ ናቱፎች ያሉትን «ሰፋሪ ለቃሚ»፤ የከብቱን ሕዝብ ደግሞ በመንግሥት ጽሑፍም በሰፊው እንደ ተለመደው «አርብቶ አደር» ብንል ይሻላል። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ለነዚህ ሰዎች ከመሬታቸው ያለመፈናቀልን መብት ሰጥቷቸዋል፤ ለመብቱ ምክንያት የሆነው ኑሮ በመማሪያ መጻሕፍት የመሰላል ታችኛ እርከን ሆኖ መቅረቱ አይገባም።

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አለመሆኑን የአዋሽ ታሪክ ይመሰክራል። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ከተቋቋመ ወዲህ፤ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በተንዳሆም ጭምር፤ ለጥጥ እርሻ የተመረጠው መሬት ወንዙ እየሞላ የሚያጠጣው መሬት ነበር። በዕቅድ አውጪዎች ዐይን ይህ መሬት ያልታረሰ፣ ስለዚህም ባዶ ነበር፤ ዘላኑም ውሎ አድሮ መስፈሩ አይቀርምና ጊዜው መጥቶለታል ይባል ነበር። ለአፋር አርብቶ አደር ግን በዝናቡ ወራት ወደ ሜዳው ወጥቶ፣ በጋው ሲጠና የሚመለስበት የሣር ጎተራው ያ መሬት ነው፤ ያለ እሱ የቀረው ሰፊ ሜዳ ሁሉ ለግማሽ ዓመት ብቻ የሚሆን ነበር። ከ1972 እስከ 1974 ዝናብ ሲጠፋ መንጋው እንደ ልማዱ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ያገኘው ግን የጥጥ ማሳ ነበር። ከብቱ አለቀ፤ በዚያም ረኀብ ከአፋር ሕዝብ ብዙ ሰው ሞተ።